አጥር ወይስ ከለላ? ስለ ምርጫ ክልል ወሰን የቀረበ አሳብ

በአማርኛ «ክልል» እና «ከለላ» የሚሉት ሁለት ቃላት የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ሁለቱም «ከለለ» ከሚለው ግስ የወጡ ሲሆኑ፣ መከለል ግን ሁለት ዓይነት ነው። ገበሬ ማሳውን የሚከልለው የሌላው ከብት እንዳይገባበት ነው፤ እናት ልጇን ከፀሐይ የምትከልለው ግን በጥላዋ ሥር እንዲያርፍ ነው። የመጀመሪያው አጥር፣ ሁለተኛው ከለላ ይባላል። እንግዲህ በየአምስት ዓመቱ ድምፅ የምንሰጥበት «የምርጫ ክልል» ከሁለቱ የትኛው ነው? ሰውን ከሰው የሚለይ አጥር ነው? ወይስ ሕዝብ የሚጠለልበትና በስሙ የሚናገርለት ሰው የሚያገኝበት ከለላ?

ጥያቄው ለሕግ ዐዋቂዎችና ለካርታ ሠሪዎች ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል። እኛ ግን የሕሊናም ጥያቄ ነው እንላለን። በወረቀት ላይ የሚሰመር አንድ መስመር የማን ድምፅ ከማን ጋር እንደሚደመር፣ የማን ችግር በማን አንደበት እንደሚነገር ይወስናልና። መስመሩ በትክክል ከተሰመረ ማንም አያስተውለውም፤ ከተዛባ ግን የሚጎዳው ሰው ጉዳቱ ከየት እንደመጣበት እንኳ ሳያውቅ ይኖራል። ስለዚህ ነገሩን በቅርባችን ባለ ምድር፣ ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ በሚዘልቀው ሸለቆ፣ ልንመለከተው ወደድን።

የሚንቀሳቀስ ሕዝብና የማይንቀሳቀስ መስመር

የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በዚህ ጉዞው የአፋርን ምድር አቋርጦ ያልፋል። በአንድ በኩል አዋሽ ሰባት ኪሎ አለች፤ የጅቡቲና የአዲስ አበባ የባቡር ሐዲድ የወለዳት፣ ከብዙ ወገን የመጡ ሰዎች አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት። በሌላው በኩል፣ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ሰመራ አለች፤ የክልሉ መዲናነት ከአሳይታ ወደ እርሷ እንዲዛወር በመወሰኑ በአውራ ጎዳናው ዳር ያደገች የአስተዳደር ከተማ ናት። አዋሽን ሐዲድ፣ ሰመራን ደግሞ ውሳኔ ፈጠራት ብንል ከእውነት አንርቅም።

በሁለቱ መካከል ግን ሐዲድም ውሳኔም ያላሰፈረው ሕዝብ አለ። የአፋር አርብቶ አደር ኑሮው በዝናብና በሣር የሚመራ ነው። «ሱገም» በሚባለው የበልግ ዝናብና «ከርማ» በሚባለው የክረምት ዝናብ ጊዜ መንጋውን ወደ ሜዳው ያሰማራል፤ ድርቁ ሲጠና ደግሞ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ይህን መንከራተት ይለው ይሆናል። ነገሩ ግን ሥርዓት ያለው ኑሮ ነው፤ የትኛው ጎሣ በየትኛው ወቅት ወደየትኛው ግጦሽና ውኃ እንደሚሄድ በልማድ የታወቀ ነው።

የምርጫ ሕግ ግን ሰው በአንድ ቦታ ረግቶ እንዲገኝ ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ መራጩ በሚመዘገብበት የምርጫ ክልል ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ደንግጓል። ለከተማ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው፤ የቤት ኪራይ ውሉ ወይም የቀበሌ መታወቂያው ይመሰክርለታል። ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ሜዳ ቢቀመጥ መንጋው ለሚያልቅበት ሰው ግን ድንጋጌው ከባድ ነው። ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ይህም በአፋር «ሐጋይ» የሚባለው የሐሩር ወቅት የሚያበቃበትና የክረምቱ ዝናብ ገና የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። የምርጫ ካርዱን ከአንድ ቦታ ወስዶ ከብቶቹን ወደ ሌላ ቦታ የነዳ ሰው በዚያ ቀን ከሁለት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ ወይ ድምፁን፣ ወይ የልጆቹን ወተት። እንዲህ ያለውን ሰው «ለመብቱ ደንታ የለውም» ብሎ መውቀስ ፍትሕ ነውን?

ከዚህም በላይ በዚህ ሸለቆ ምድሪቱ ራሷ ሰውን ከቦታው ታንቀሳቅሳለች። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በታችኛው ሸለቆ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው እንዲወጡ አስገደደ። ሰው ሲፈናቀል ድምፁ አብሮት ይሄዳልን? ወይስ ከፈረሰው ቤቱ ጋር ይቀራል?

ሳይቈጥሩ መከፋፈል

ይህ ችግር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መላው የኢትዮጵያ ግዛት በተቻለ መጠን ሁለት መቶ ሺህ ነዋሪዎች በሚኖሩባቸው የምርጫ ወረዳዎች እንዲከፋፈል፣ ከእያንዳንዱም ወረዳ ሁለት እንደራሴዎች ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንዲመረጡ ደንግጎ ነበር። አሳቡ በጊዜው ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በአገራችን የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቈጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «ሁለት መቶ ሺህ» የተባለው በግምት እንጂ በቈጠራ የተገኘ አልነበረም። ዕጩ ተወዳዳሪም በምርጫ ወረዳው ውስጥ ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠየቅ ነበር። ሀብቱ በእግሩ የሚሄድ ሰው በዚህ ዓይነቱ መስፈርት ፊት ምን ያህል እንግዳ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የአፋር ምድርም በዚያን ዘመን በወሎ፣ በሐረርጌ፣ በሸዋ፣ በትግራይና በኤርትራ ተከፋፍሎ ስለነበረ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ በየጠቅላይ ግዛቱ ጠርዝ ላይ የተረፈ ቁራሽ ሆኖ ኖረ። በየቦታው ጥቂት የሆነ ሕዝብ በየትም ብዙ ሆኖ ሊሰማ አይችልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ለማረም የሚረዱ ድንጋጌዎች ይዞ መጣ። በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ በቍጥር አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንዲሆን ወሰነ። በአንቀጽ 103 ደግሞ የሕዝብ ቈጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የቈጠራውን ውጤትና የምርጫ ቦርድን ረቂቅ መሠረት አድርጎ የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን አዘዘ። ይህን ድንጋጌ በጥሞና ስንመለከተው አንድ ታላቅ ቁም ነገር እናገኝበታለን፤ ይኸውም የምርጫ ወሰን ዘላለማዊ እንዳልሆነ ሕጉ ራሱ መመስከሩ ነው። ወሰኑ ሕዝቡን ይከተላል እንጂ ሕዝቡ ወሰኑን እንዲከተል አልታሰበም።

አፈጻጸሙ ግን ከአሳቡ ወደ ኋላ ቀረ። በ1987 ዓ.ም. ምርጫ ሲካሄድ የዚያው ዘመን ቈጠራ ወደ አፋር ገና አልደረሰም ነበር፤ በአፋር የተካሄደው ከሌላው አገር ዘግይቶ ነው። የቀጣዩ ቈጠራ ጊዜ ሲደርስም አብዛኛው አገር በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲቈጠር አፋርና ሶማሌ ክልሎች ተራቸው የደረሳቸው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ሊካሄድ ይገባው የነበረው ቈጠራ በተደጋጋሚ ተላልፎ፣ በ2011 ዓ.ም. እንደገና እንዲራዘም ተወስኖ፣ እስካሁን ሳይካሄድ ቀርቷል።

እስቲ በዚያ ባለፈው ቈጠራ ሒሳቡን እንሥራ። የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን፣ የምክር ቤቱ መቀመጫ 547 ነበረ፤ አንድ ተወካይ በአማካይ ለ135 ሺህ ሰዎች ይደርሳል ማለት ነው። አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ 23 መቀመጫ ስላላት አንድ ተወካይ የሚወክለው 119 ሺህ ያህል ሰው ነው። አፋር ደግሞ 1.4 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ያለው መቀመጫ 8 ነው፤ ስለዚህ አንድ ተወካይ ከ170 ሺህ በላይ ሰው ይወክላል። በዋና ከተማዋ ያለው ሰው ተወካዩን ለማግኘት ጥቂት ጣቢያ በታክሲ ይሄዳል፤ የአፋሩ እረኛ ግን ተወካዩን ከብዙ ሰው ጋር ይካፈለዋል፣ ደግሞም በብዙ ቀን መንገድ ይርቀዋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶች ቃል ለእንዲህ ያለው ውክልና የተነገረ ይመስላል።

ይህን የምንለው የአዲስ አበባ ሕዝብ መብት በዝቷል ለማለት አይደለም። ከተማይቱም ከዚያ ወዲህ እጅግ አድጋለች፤ ነገ ቢቈጠር ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ቈጠራው ራሱ ይናገር። የኛ ነጥብ ሌላ ነው። ሚዛኑን ለብዙ ዓመታት ሳያስመረምር የሚነግድ ሰው የግድ ሌባ ነው አይባልም፤ ነገር ግን «አላጎደልሁም» ብሎ በእውነት ሊምል አይችልም። ሳይቈጥር የሚከፋፍል አገርም እንደዚሁ ነው።

የምርጫ ሣጥን የርስት ምስክር ሲሆን

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቍጥር ነው። ከቍጥር የከበደ ደግሞ አለ። ከአዋሽ ወደ ሰመራ የሚወስደውን ጎዳና የሚጓዝ ሰው አንዱ ገዳማይቱ፣ ሌላው ገርባ ኢሳ በሚላት ከተማ፣ እንዲሁም በዑንዱፎና በአዳይቱ በኩል ያልፋል። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች የኢሳ ሶማሌ ተወላጆች ይኖራሉ። በ2007 ዓ.ም. ሦስቱ በአፋር ክልል ውስጥ ልዩ ቀበሌዎች ሆነው እንዲተዳደሩ በሁለቱ ክልሎች መካከል ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ መውጣቱን አስታወቀ። ለ2013ቱ ምርጫ ዝግጅት በሚደረግበት ጊዜ በሁለቱ ክልሎች መካከል አከራካሪ በሆኑ ስምንት ቀበሌዎች የምርጫ ጣቢያ መቋቋሙ ራሱ ታላቅ ጠብ ሆነ። አንዱ ክልል አቤት አለ፤ ቦርዱ ጣቢያዎቹ እንዳይኖሩ ወሰነ፤ ሌላው ክልል ደግሞ ውሳኔውን ተቃወመ። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ በሁለቱ ሕዝቦች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

ስለ ግጭቱ ጥፋተኛ ለመፍረድ ይህን አልጻፍንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፅ መሰብሰቢያ የሆነ ሣጥን እንዴት ለጠብ ምክንያት ይሆናል? መልሱ ሰዎቹ አላዋቂዎች ስለሆኑ አይደለም። በአገራችን የምርጫ ክልል በክልል መስተዳድር ወሰን ውስጥ የሚካተት ስለሆነ፣ ሣጥኑ በማን ስም ተቀመጠ የሚለው ነገር መሬቱ የማን ነው ለሚለው ክርክር ምስክር ይሆናል። «እዚህ የመረጡት በእኛ ሥር ሆነው ነው» ይባላል፤ ዛሬ የተሰጠ ድምፅ ነገ የርስት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ሽማግሌው ከሣጥኑ የሚፈራው ወረቀቱን ሳይሆን ወረቀቱ ነገ የሚናገረውን ነው።

በዚህ መካከል የምትረሳው በቀበሌው የምትኖረው እናት ናት። ጣቢያው በአንዱ ስም ቢቋቋም የሌላው ወገን ቂም ይይዝባታል፤ ጭራሹን ባይቋቋም ደግሞ ወይ ከቀበሌዋ ወጥታ መመዝገብ፣ ወይ ሳትመርጥ መቅረት ይሆንባታል። መሬቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ይጠይቃል፤ ለእርሷ ውኃ፣ ለልጇ ትምህርት ቤት፣ ለቤቷ ሰላም ማን ኃላፊ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የስሕተቱ ሥር እዚህ ላይ ይመስለናል። ውክልና ባለቤትነት አይደለም። እንደራሴ ማለት «እንደ ራሴ ሆኖ ይናገርልኛል» የተባለ ሰው ነው፤ ቃሉ ራሱ ስለ ሰው ይናገራል እንጂ ስለ መሬት አይናገርም። ሰውን ለመወከል የተሰመረውን መስመር መሬትን ለመውረስ የሚጠቀምበት ሁሉ ከለላውን ወደ አጥር ይለውጠዋል።

ከሌሎች የምንማረው

በሌላው ዓለም ይህ ፈተና ያልደረሰበት አገር ጥቂት ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበሩት ኤልብሪጅ ጌሪ እ.ኤ.አ. በ1812 ለፓርቲያቸው እንዲመች ተጠማዝዞ የተሰመረ የምርጫ ወረዳ ካርታ ፈርመው አጸደቁ። ከወረዳዎቹ አንዱ «ሳላማንደር» የተባለችውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት የሚመስል ቅርጽ ስለነበረው፣ ወሰንን በተንኮል መጠምዘዝ እስከ ዛሬ ድረስ በእርሳቸው ስም ይጠራል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከመስመሩ የሚጠቀም ሰው መስመሩን ሊያሰምር አይገባውም።

በአንጻሩ ሜክሲኮን እንመልከት። በዚያች አገር አንድ አንድ ተወካይ የሚመረጥባቸው 300 የምርጫ ወረዳዎች አሉ። የወረዳዎቹ ጠቅላላ ቍጥር ሳይለወጥ፣ ወሰናቸው ግን የሕዝብ ቈጠራን እየተከተለ በነጻው የምርጫ ተቋም ይሻሻላል። ዋና ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1979 በተደረገው ምርጫ 40 ወረዳዎች ነበሯት፤ ሕዝቡ ወደ ሌሎች ግዛቶች እያደገ ሲሄድ ድርሻዋ ደረጃ በደረጃ ቀንሶ ዛሬ 22 ሆኗል። መዲናይቱ መቀመጫዋን ለሩቁ ወገኗ መልቀቋ የአገሪቱን አንድነት አላፈረሰውም። እ.ኤ.አ. በ2005 በተጠናቀቀው ማሻሻያ ደግሞ የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦች በመስመር እንዳይከፋፈሉ ታስቦ 28 ወረዳዎች እነርሱ በብዛት የሚገኙባቸው ሆነው ተከለሉ። የሰውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ሰው ከመንደሩ ወደ ወረዳው ማዕከል ለመድረስ የሚወስድበትን ጊዜም በሒሳብ ያስገባሉ። ሜክሲኮ ከበደል የጸዳች አገር ናት አንልም፤ ነገር ግን የመንገድ ርቀት ከፍትሕ ጋር ግንኙነት እንዳለው መገንዘቧ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ለሚጓዝ ሰው ብዙ ይነግረዋል።

በቅዱሳት መጻሕፍትም የምናነበው ከዚህ የራቀ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ ሕዝቡ አስቀድሞ ይቈጠራል፣ ከዚያ ምድሪቱ ትከፋፈላለች፤ ለብዙዎቹ ሰፊ፣ ለጥቂቶቹ ጠበብ ያለ ድርሻ ይሰጣል፤ የየነገዱ ስፍራ ግን በዕጣ ይለያል። ቈጠራው ማንም እንዳይረሳ፣ ዕጣው ደግሞ ማንም ለራሱ እንዳያዳላ ነው። ሁለቱ አብረው መኖራቸው ለማንኛውም ዘመን የሚሆን ጥበብ ይመስለናል።

ዳጉ ያለው ውክልና

የአፋር ሕዝብ «ዳጉ» የሚባል የከበረ ልማድ አለው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየት እንደመጡ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንደበቀለ፣ ሰላም የት እንደደፈረሰ ይነጋገራሉ። ያየውን መናገር፣ የሚነገረውን መስማት ግዴታ ነው፤ ሐሰት ጨምሮ ያወራ ሰው በወገኑ ዘንድ ይነወራል። ዳጉ የሚካሄደው በተከለለ ቦታ አይደለም፤ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ ነው።

ምናልባት ለዚህ ሸለቆ የሚስማማውን ውክልና ከዚህ ልማድ ልንማር እንችላለን። ተወካይ ማለት ከሕዝቡ ወደ ሸንጎው፣ ከሸንጎውም ወደ ሕዝቡ ዳጉ የሚያደርስ ሰው ነው። ሕዝቡ በሚንቀሳቀስበት አገር መዝገቡና ጣቢያው ወደ ውኃው ዳርና ወደ ግጦሹ መሄድ ይገባቸዋል እንጂ፣ መንጋውን ወደ ጣቢያው ንዳ ማለት ፍትሕ አይሆንም። ወሰኑም በታመነ ቈጠራ፣ ከውጤቱ በማይጠቀሙ ሰዎች እጅ፣ የሚነካቸውን ሰዎች ቃል ሰምቶ ሊታደስ ይገባል። በተከራካሪ ቀበሌዎችም «ሣጥኑ የመሬቱን ነገር አይመሰክርም» የሚል ቃል ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ቢተሳሰሩበት፣ ያችን የተረሳች እናት ከአጣብቂኝ ያወጣት ነበር።

«ወሰን ሲነካ ሁሉም ነገር ይናጋል፤ እንደነበረ ይቆይ» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አንልም፤ በዚህ ሸለቆ በወሰን ምክንያት የፈሰሰውን ደም የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ይፈራል። ነገር ግን አለመንካትም ራሱ ውሳኔ ነው፤ የውሳኔውም ዋጋ የሚከፈለው ባልተቈጠረው ሰው ድምፅ ነው። ሰላም የሚጸናው መስመሩ ሳይነካ ስለቆየ አይደለም፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎች «በእኛ ላይ አልተደረገም፣ ከእኛ ጋር ተደረገ» ለማለት ሲችሉ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ምናልባት ከእናንተ መካከል በዚያ ጎዳና በአውቶቡስ የሚያልፍ፣ በዚያ የሚያስተምር፣ የሚያክም ወይም የሚነግድ ይኖራል። በመንገድ ዳር ካለው ግራር ሥር መንጋውን ያሳረፈ እረኛ ስታዩ የግራሩን ጥላ ልብ በሉ። ጥላው ከፀሐይ ጋር ይዞራል፤ ሰውየውም ጥላውን ተከትሎ ይጠጋል። አጥር ግን ፀሐይ ብትዞርም ዝናብ ቢጠፋም ከቦታው አይነቃነቅም። የምርጫ ክልላችንን የሠራነው ከሁለቱ በየትኛው አምሳል እንደሆነ እያንዳንዳችን ሕሊናችንን እንጠይቅ፤ ቈጣሪ ሆነን ብንሾም በትክክል ለመቍጠር፣ መራጭ ብንሆን የሌላውን ድምፅ ለማክበር፣ ተወካይ ብንሆን ወደ ላኩን ሰዎች ተመልሰን እውነተኛ ዳጉ ለማድረስ ዛሬውኑ እንወስን።